ይጠገን ወይስ ይቀየር?

200,000 ማይል ያለፈች መኪና ላላቸው ወገኖች

«በዚህ አገር መኪና የሌለው ሰው እግር የሌለው ነው» የሚለውን ቃል ከአውሮፕላን በወረደ ሰሞን ያልሰማ ስደተኛ የለም። አውቶቡስ ሳይጀምር በሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል አውሮፕላን ማረፊያ መገኘት ያለባት እህታችን፣ የመጀመሪያ ሥራውን ጨርሶ ሁለተኛው ላይ ለመድረስ አርባ ደቂቃ ብቻ ያለው ወንድማችን፣ ሁለቱም የሚኖሩት በመኪናቸው ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስለዚህ አሮጌዋ መኪና ጋራዥ ገብታ መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ሁለት ሺህ ዶላር ያስፈልጋታል» ያለ ዕለት ማታ ቤት ውስጥ የሚነሣው ክርክር የብረት ክርክር ብቻ አይደለም። የቤት ኪራይ፣ ለእናት የሚላከው ገንዘብ፣ የልጅ ትምህርት ክርክር ነው።

በዚህ ጊዜ ምክር ሰጪ አይጠፋም። ምግብ ቤት ቡና ላይ ጉዳዩን ካነሡት ወዲያው ሁለት ወገን ይፈጠራል። አንደኛው «ጣላት! እስከ መቼ በዚህች ቆርቆሮ ትሄዳለህ? ሰው ምን ይላል?» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ቶዮታ አይሞትም፤ ዘይት ብቻ ቀይርላት» ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት ሒሳብ ሳይሠሩ ነው። የመጀመሪያው በተለይ አደገኛ ነው። ብዙ ቤተሰብ የማይችለውን ወርኀዊ ክፍያ ተሸክሞ የምናየው መኪናው ስለ ሞተ ሳይሆን በሠርግና በክርስትና ላይ ፓርኪንግ ውስጥ የሚቆመውን ከጎን እያየ ነው።

አሮጌ መኪና መንዳት የስደተኛ ዕጣ ብቻ የሚመስለን ካለን ተሳስተናል። በአሜሪካ መንገድ ላይ ያሉት መኪኖች አማካይ ዕድሜ እ.ኤ.አ. በ2024 12.6 ዓመት፣ በ2025 ደግሞ 12.8 ዓመት ደርሷል። አገሬውም አሮጌውን ይዞ የቆየበት ምክንያት ግልጽ ነው። በመስከረም 2025 የአንድ አዲስ መኪና አማካይ ዋጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ50,000 ዶላር በላይ ወጥቷል። ስለዚህ 2010 ሥሪት ኮሮላ የሚነዳ ሰው አንገቱን የሚደፋበት ምክንያት የለም።

ግማሽ ዋጋ የሚባለው ሕግ

ብዙ መካኒኮች የሚናገሩት አንድ ደንብ አለ። የጥገናው ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ግማሽ ከበለጠ መኪናውን መጣል ነው ይላሉ። ደንቡ ለኢንሹራንስ ኩባንያ ይጠቅም ይሆናል፤ ለባለ መኪናው ግን የሚመልሰው የተሳሳተ ጥያቄ ነው። ባለ መኪናው ማወዳደር ያለበት የጥገናውን ዋጋ ከመኪናዋ የገበያ ዋጋ ጋር ሳይሆን በእርሷ ምትክ ሌላ ለማቆም ከሚያወጣው ገንዘብ ጋር ነው።

በቁጥር እንየው። አንድ ወገን 190,000 ማይል የሄደች ካምሪ አለችው እንበል። ገበያ ቢያወጣት 3,500 ዶላር ታወጣለች። የፊት እግር ሥራ፣ የውሃ ፓምፕና ፍሬን ተደምሮ 2,100 ዶላር ተጠየቀ። በግማሽ ዋጋ ሕግ መሠረት መጣል አለባት። አሁን ወደ ዲለር ይሂድ። ክሬዲቱ ገና ያልጠና ስለሆነ 18,000 ዶላር በ15 ከመቶ ወለድ ለስድስት ዓመት አበደሩት እንበል። በየወሩ 380 ዶላር ገደማ ይከፍላል። ስድስቱ ዓመት ሲያልቅ የከፈለው 27,400 ዶላር ገደማ ሲሆን ከዚህ ውስጥ 9,400ው ወለድ ነው።

2,100 ዶላር ማለት እንግዲህ የዚህ ዕዳ የአምስት ወር ተኩል ክፍያ ነው። የተጠገነችው ካምሪ ስድስት ወር ብቻ ያለ ሌላ ትልቅ ወጪ ከሄደች ጥገናው ራሱን መለሰ። ሁለት ዓመት ከሄደችና በመካከሉ ሌላ 1,500 ዶላር ብታስወጣ እንኳ ከዕዳው ጋር ሲነጻጸር ኪስ ውስጥ 5,500 ዶላር ያህል ይቀራል። «ዕዳው ግን መኪና ያስቀርልኛል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ከሁለት ዓመት በኋላ 9,100 ዶላር ከፍሎ ዕዳው ገና 13,700 ገደማ ነው። መጀመሪያ የሚከፈለው ወለዱ ነውና። መኪናው ደግሞ እስከዚያ ዋጋው ወርዷል።

በዚህ ላይ ኢንሹራንሱ አለ። አበዳሪው መኪናው የእርሱ መያዣ ስለሆነ ሙሉ ሽፋን እንዲገቡ ያስገድዳል። ዕዳዋን የጨረሰች አሮጌ መኪና ግን ሕጉ የሚጠይቀውን የሦስተኛ ወገን ሽፋን ብቻ ይዛ መሄድ ትችላለች። የአሜሪካ አውቶሞቢል ማኅበር በ2024 ባወጣው ስሌት አንድ አዲስ መኪና መያዝ ነዳጁ፣ ኢንሹራንሱ፣ ወለዱና የዋጋ መውረዱ ሁሉ ተደምሮ በዓመት 12,297 ዶላር ይፈጃል። ከዚህ ውስጥ ትልቁ ድርሻ ማንም ቢል ልኮ የማይጠይቅበት ወጪ፣ ማለትም የዋጋ መውረዱ ነው።

ሒሳቡን በየቤታችን ለመሥራት የሚያስፈልገው አንድ ደብተር ነው። ባለፉት 12 ወራት ለጥገና የወጣውን ደምረው ለ12 ያካፍሉ። በዚህ ውስጥ ጎማ፣ ባትሪ፣ ዘይትና የፍሬን ሸራ አይግቡ፤ እነዚህን አዲስ መኪናም ይበላል። ነገር ግን መኪናዋ መንገድ ላይ በመቆሟ የቀረውን የሥራ ቀን፣ የመጎተቻውንና የታክሲውን ገንዘብ ይጨምሩበት። ብዙዎቻችን የምንረሳው ይህን ነው። በዓመት ሦስት ጊዜ ሐይዌይ ላይ ያቆመች መኪና የጥገና ደረሰኟ ትንሽ ቢሆንም ውድ መኪና ናት። ሁለት ጊዜ አርፍዶ ማስጠንቀቂያ የተሰጠው ሰው ሦስተኛውን በዶላር ሊተምነው አይችልም።

የሚገድልና የማይገድል በሽታ

አገር ቤት ያደገ ሰው መኪና መጣል ይከብደዋል። ሴይቼንቶ ፊያት፣ ቮልስና ላዳ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፉ፣ ሰባት ጊዜ ሞተር ሲወርድላቸው አይተናል። እዚያ መኪና ውድ፣ የሰው ጉልበት ርካሽ ነው። እዚህ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ጋራዥ የሚያስከፍለው በሰዓት ነው፤ ዕቃው 80 ዶላር ሆኖ እርሱን ለመግጠም ሞተር ማውረድ ካስፈለገ ቢሉ ሺህ ይገባል። ስለዚህ እዚህ አገር የሚጠየቀው «ይጠገናል ወይ?» ሳይሆን «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» የሚለው ነው።

ዲናሞ፣ ሞተሪኖ፣ ራዲያተር፣ ሾክ አብዞርበር፣ ማርሚታ፣ እነዚህ ሁሉ ያናድዳሉ እንጂ አይገድሉም። ሞተሩና ካምቢዮው ጤናማ ከሆኑ ቢቀየሩ ያዋጣል። የሚገድሉት ሦስት ናቸው። አንዱ የሞተር ውስጥ ሕመም ነው። ዘይቱ ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ ወተት ካስገባ ቡና ከመሰለ፣ ከማርሚታ ነጭ ጢስ ካልተቋረጠ፣ የራዲያተሩ ውሃ የት እንደሚሄድ ሳይታወቅ የሚጎድል ከሆነ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። በዚህ ሁኔታ ላይ እያለች «ሥራ ደርሼ ልመለስ» ብሎ መንዳት ሞተሩን መቅበር ነው። ሁለተኛው ካምቢዮ ነው። ማርሽ ሲቀይር የሚደነብር፣ ጋዝ ሲረገጥ ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ የማትሄድ ከሆነ፣ የካምቢዮው ዘይትም ቀይነቱ ጠፍቶ ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ ወጪው ብዙ ጊዜ ከመኪናዋ ዋጋ ጋር ይተካከላል። ሦስተኛው ዝገት ነው። ሚኒሶታ፣ ኦሃዮ፣ ማሳቹሴትስና ቶሮንቶ ያሉ ወገኖቻችን ይህን ከእኛ ይበልጥ ያውቁታል። በክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ከሥር የሚበላው ብረት ሻንሲውን ከነካ ገንዘብ ማውጣት ይቁም። በር ላይ ያለ ዝገት መልክ ነው፤ ሻንሲ ላይ ያለ ግን ሕይወት ነው።

ስለ ዘይት አንድ ነገር እንጨምር። ከ2007 እስከ 2009 የተሠሩ ባለ አራት ሲሊንደር ካምሪዎች ዘይት በመብላት ይታወቃሉ። ሌሎችም አሉ። ዘይት የምትበላ መኪና ግን ገና አልሞተችም፤ ባለቤቷ ሳያያት ነው የምትሞተው። በየሁለተኛው ቤንዚን ሙሊት ኮፈኑን ከፍቶ የዘይት መለኪያውን ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በ1,000 ማይል አንድ ኳርት የምትጠጣ መኪና በዚሁ ጥንቃቄ ብዙ ጊዜ ልትቆይ ትችላለች።

የታይሚንግ ቺንጋ ነገር ደግሞ ሳይነገር አይታለፍም። አንዳንድ ሞተር በሰንሰለት፣ አንዳንዱ በቺንጋ ይሠራል። ሰንሰለቱ በአግባቡ ዘይት ከተቀየረለት ብዙ ጊዜ የሞተሩን ዕድሜ ያህል ይቆያል። ቺንጋው ግን ቀን አለው። የሆንዳ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተሮች፣ ማለትም ብዙ ቤተሰብ የሚነዳው ኦዲሲና ፓይለት፣ በቺንጋ የሚሠሩ ናቸው፤ 105,000 ማይል ወይም ሰባት ዓመት አካባቢ መቀየር አለበት። ከ2001 እስከ 2005 የተሠሩት ሲቪኮችም እንዲሁ ቺንጋ አላቸው። ካልተቀየረ አንድ ቀን ያለ ማስጠንቀቂያ ይበጠስና ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ። ባለ አራት ሲሊንደር ካምሪ ከ2002 ጀምሮ፣ አኮርድ ከ2003፣ ሲቪክ ከ2006 ጀምሮ ሰንሰለት ናቸው። 200,000 ማይል የደረሰ ኦዲሲ ያለው ሰው «ሁለተኛው ቺንጋ ተቀይሯል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። ካልተቀየረና ሌላ ትልቅ ጥገና ከተጠየቀ ሁለቱን ወጪ ደምሮ መወሰን ይገባል።

ቼክ ኢንጂን የሚለው መብራት በርቶ የተደናገጠ ደግሞ አይቸኩል። ከ1996 ወዲህ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ መኪና ሁሉ ሕመሙን በኮድ ይናገራል። ኮዱን በነፃ የሚያነቡ የመለዋወጫ መደብሮች አሉ። የቤንዚን ክዳን ላልቶ መብራቱ የሚበራበት ጊዜ ብዙ ነው። ኮዱ የሚናገረው ግን ምልክቱን እንጂ በሽታውን አይደለም፤ ኮድ አንብቦ ብቻ ወዲያው ዕቃ ካልቀየርኩ የሚል መካኒክ ዘንድ ጊዜ አያጥፉ። ካታሊቲክ ኮንቨርተር ነው ከተባለ የመኪናዋን ዕድሜ ይመልከቱ። ስምንት ዓመትና 80,000 ማይል ካልሞላት የፌዴራል ሕግ ዋስትና አለባት። መብራቱን ኢንስፔክሽን ሊሄዱ ሲሉ ማጥፋትም አይረዳም፤ ኮምፒውተሩ ራሱን ገና እንዳልፈተሸ መርማሪው ያየዋል።

ስለ ኢንስፔክሽን ካነሣን፣ አገር ቤት ቦሎ የምንለው ማለት ነው፣ ደንቡ በየስቴቱ ይለያያል። ቨርጂኒያ በየዓመቱ የደኅንነት ምርመራ ትጠይቃለች፤ የወደቀ መኪና 15 ቀን ይሰጠዋል። ሜሪላንድ አሮጌ መኪና ባለቤት ሲቀይር የደኅንነት ምርመራ ታደርጋለች። ቴክሳስ ደግሞ ከጥር 2025 ጀምሮ ለግል መኪና የደኅንነት ምርመራን አስቀርታለች፤ በዳላስና በሌሎች ትልልቅ ከተሞች አካባቢ የጢስ ምርመራው አልቀረም። መንግሥት አልመረመረም ማለት ፍሬኑ ደኅና ነው ማለት አይደለምና ዳላስ ያሉ ወገኖች በራሳቸው ገንዘብ በዓመት አንዴ ያስመርምሩ።

ገንዘብ የማይወስነው

እስካሁን ያልነው ሁሉ ወደ መጠገን ያደላ ነው፤ አውቀን ነው። ይሁን እንጂ ሒሳቡ ጠግን እያለ መቀየር የሚገባበት ጊዜ አለ። መኪና በተለይ በዝናብና በበረዶ ስትንሸራተት ራሷን እንድታስተካክል የሚያደርገው የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ በሁሉም መኪኖች ላይ ግዴታ የሆነው ከ2012 ሥሪት ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት አንዳንዶቹ አላቸው፣ አንዳንዶቹ የላቸውም። አሥራ ስድስት ዓመት ለሞላው ልጅ «አባትህ የነዳት ናት» ብሎ 2003 ሥሪት መኪና መስጠት የተለመደ ነው። እኛ ግን እንዲህ ያለችውን መኪና ሥራ በቅርብ ላለው ትልቅ ሰው ትተን ለልጁ ይህ መሣሪያ ያለበትን እንድናስቀድም እንመክራለን።

ከዚህም የከፋ አለ። ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራው ኤርባግ በአሜሪካ ወደ 67 ሚሊዮን በሚጠጋ ቁጥር እንዲመለስ ታዟል። ኤርባጉን የሚነፋው ኬሚካል በሙቀትና በእርጥበት ከዓመታት በኋላ ይበላሻል፤ ግጭት ሲደርስ ብረቱን ሰንጥቆ ስብርባሪውን ወደ ሾፌሩ ፊትና አንገት ይወረውራል። በዚህ አገር ብቻ ከሃያ በላይ ሰዎች ሞተውበታል። ከሁሉ የከፋው ከ2001 እስከ 2003 በተሠሩ አንዳንድ ሆንዳና አኩራዎች ላይ ያለው ሲሆን በ2016 የመንግሥት ምርመራ እንዳሳየው ግጭት ላይ የመፈንዳት ዕድሉ እስከ 50 ከመቶ ይደርሳል። ሲቪክና አኮርድ፣ ሲ አር ቪም ይገኙበታል። መኪናዎ ከእጅ ወደ እጅ የመጣች ከሆነ የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ ለመጀመሪያው ባለቤት ተልኮ ቀርቶ ይሆናል። በፊት መስታወቱ ሥር በሾፌሩ በኩል ያለውን 17 ፊደልና ቁጥር ይዘው የመኪናዋ ሥሪት ዲለር ጋ ይደውሉ። ያልተሠራ ከሆነ በነፃ ይሠራሉ። ይህን ጋዜጣ ሳያስቀምጡ ቢያደርጉት ደስ ይለናል።

ጎማም እንዲሁ። ጥርሱ ያለ መስሎ ያረጀ ጎማ አለ። በጎኑ ላይ ከተጻፈው ረጅም ቁጥር የመጨረሻዎቹ አራቱ የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2316 ካለ በ2016 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው።

በመኪናው ለሚተዳደሩ

ታክሲ፣ ኡበርና ሊፍት ለሚነዱ ወገኖች ነገሩ ሌላ ነው። በዓመት 40,000 ማይል የምትሄድ መኪና የቤት መኪና ሳትሆን መሣሪያ ናት። ኩባንያዎቹ የመኪናውን ዕድሜ ይገድባሉ፤ የአደጋ ታሪክ የተጻፈበት ታይትል ያለውንም አይቀበሉም። ስለዚህ ካምቢዮ ከመቀየር በፊት «መኪናዬ በኩባንያው ደንብ ስንት ዓመት ቀርቷታል?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። አንድ ዓመት ብቻ የቀራት መኪና ላይ 4,000 ዶላር ማፍሰስ ትርጉም የለውም። ግብርም አለ። በ2025 የፌዴራል ግብር መሥሪያ ቤት ለሥራ ለተነዳ እያንዳንዱ ማይል 70 ሳንቲም እንዲቀነስ ፈቅዶ ነበር። ይህ 70 ሳንቲም ጥገናውን፣ ነዳጁንና የመኪናዋን ማርጀት ያካተተ ነው። ዕዳዋን ጨርሳ ያለች፣ ቤንዚን የማታበዛ አሮጌ ፕሪየስ የሚነዳ ሰው በማይል የሚያወጣው ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ሊሆን ይችላልና ማይሉን በየቀኑ ይመዝግብ።

መቀየር ከተወሰነ

መጀመሪያ አንድ የተለመደ ሐሳብ እናንሣ። «አሮጌዋን ወደ አገር ቤት እልካታለሁ» የሚል አሁንም አለ። የ2020 የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ የጣለው ቀረጥ ነገሩን ያከበደው ሲሆን፣ በ2024 መጀመሪያ ላይ ኢትዮጵያ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች። በሩ ተዘግቷል።

ዕዳን ለማምለጥ በእጃችን ያለው ትልቁ መሣሪያ ዕቁብ ነው። ሃያ ሰው በወር 400 ዶላር ቢጥል ዕጣው 8,000 ዶላር ነው። በዚህ ገንዘብ ከግለሰብ የሚገዛ፣ ታሪኩ የሚታወቅ፣ 110,000 ማይል የሄደ መኪና ያለ ወለድ ይገኛል። መኪናዋ ገና እየሄደች ሳለ ዕቁብ የገባ ሰው ካምቢዮው በወደቀ ማግሥት ዲለር ደጅ አይቆምም። ዲለር በችግር የመጣን ሰው ከፊቱ ያውቀዋል።

ከዲለር የሚገዛ ሰው መስኮቱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ያንብብ። ከ1985 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የፌዴራል ደንብ ይህን ወረቀት ግዴታ አድርጎታል። «አዝ ኢዝ» የሚለው ላይ ምልክት ካለ መኪናው ከግቢው እንደ ወጣ ቢቆም ወጪው የገዢው ነው። ሽያጩ በስፓንኛ ከተካሄደ ወረቀቱም በስፓንኛ እንዲሆን ሕጉ ያዛል፤ ለአማርኛ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ ስለዚህ እንግሊዝኛ የሚያነብ ልጅ ወይም ወዳጅ ይዘው ይሂዱ። «በሦስት ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል» የሚባለውም ዲለር ግቢ ውስጥ ለተገዛ መኪና በፌዴራል ሕግ የለም። ብዙ ወገን በዚህ ተጎድቷል። ከመፈረምዎ በፊት መኪናውን ሻጩ ወደማያውቀው መካኒክ ወስደው ከ100 እስከ 200 ዶላር ከፍለው ያስመርምሩ። ሻጩ አላስወስድም ካለ መልሱን ሰጥቶዎታል።

አሮጌዋን ሲሸጡ ወይም ለቁርጥራጭ ሲሰጡ በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በዲሲ ታርጋውን ነቅለው ያስቀሩ፤ የእርስዎ ነው፣ የመኪናዋ አይደለም። በተለይ ሜሪላንድና ዲሲ ያሉ ወገኖች ታርጋውን ለሞተር ተሽከርካሪ ቢሮ ሳይመልሱ ኢንሹራንሱን እንዳይሰርዙ፤ መኪናዋ ተሸጣ ሄዳም ቅጣቱ በስምዎ መቆጠሩን ይቀጥላል።